ባዶ ቤት ወይም ጣሪያ ላይ የወጣ ሰርቬየር ቢጎዳ ኃላፊው ማን ነው?

ልኬት፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሕንፃ ሁኔታ ምርመራና የንብረት ግምት ለሚሠራ አነስተኛ ቢሮ የደህንነት መመሪያ እያዘጋጀሁ ነው። አራት ሰርቬየሮች አሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ለብቻው ነው ሄዶ የሚያየው። እስካሁን ያለው «ሄልሜትና አንጸባራቂ ሰደርያ ይለበስ» የሚል አንድ ገጽ ብቻ ነው። ቤቱ የባለንብረቱ፣ ትእዛዙ የባንክ፣ ሰውየው የቢሮው ነው፤ ታዲያ አደጋ ቢደርስ የማን ኃላፊነት ነው? ሰርቬየሩ ራሱስ ምን ይጠበቅበታል? ባዶ ቤት፣ ኮርኒስ ውስጥ፣ ጣሪያ ላይ፣ ቤዝመንት ሲገባ በተግባር ምን ይደረግ? ደግሞ «በራሴ ኃላፊነት ገብቻለሁ» ብሎ ከፈረመ ቢሮው ነጻ ነው የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

የሴፍቲ ሰው፦

ከመጨረሻው ልነሳ። ያ ፊርማ ቢሮውን አያድነውም። የአሠሪ ግዴታ ሠራተኛው ወረቀት ላይ ስለፈረመ ወደ እሱ የሚዞር ነገር አይደለም። እንዲያውም ወረቀቱ የሚያረጋግጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ቢሮው አደጋ እንዳለ አስቀድሞ ያውቅ ነበር።

የአገሩ ሕግ ዝርዝሩን ይወስናል፤ መሠረቱ ግን የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ኮንቬንሽን ቁጥር 155 ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሆን በ2022 ከመሠረታዊዎቹ ኮንቬንሽኖች ተርታ ገብቷል። እዚያ ላይ «የሥራ ቦታ» ማለት ጠረጴዛህ ያለበት ክፍል ብቻ አይደለም። ሠራተኛው በሥራው ምክንያት የሚሄድበት፣ በአሠሪው ቀጥተኛ ወይም ተዘዋዋሪ ቁጥጥር ሥር ያለ ቦታ ሁሉ ነው። ቢሮው የሰው ቤት ወለል መበስበስ አለመበስበሱን ሊቆጣጠር አይችልም። ማን እንደሚሄድ፣ ከማን ጋር፣ ምን ይዞ፣ ስንት ሰዓት ተሰጥቶት እንደሚሄድ ግን የሚወስነው እሱ ነው። ተጠያቂነቱም እዚያ ላይ ነው።

አንቀጽ 16 አሠሪው በተቻለው መጠን ቦታውን፣ መሣሪያውንና አሠራሩን ከአደጋ የጸዳ እንዲያደርግ ይላል። አንቀጽ 17 ሁለትና ከዚያ በላይ ድርጅቶች በአንድ ቦታ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ይተባበሩ ይላል፤ ያላለቀ ሕንፃ ለማየት ሳይት የሚገባ ሰርቬየር የሚመለከተው እዚህ ጋ ነው። በር ላይ መመዝገብ፣ የሳይቱን ገለጻ መስማት፣ ክሬን በሚሠራበት በኩል አለመሄድ፣ ሌላ ሰው የተከለውን ስካፎልዲንግ ተቋራጩ ሳይፈቅድ አለመርገጥ። አንቀጽ 21 የደህንነት ወጪ ሠራተኛው ላይ አይጫንም ይላል፤ ስለዚህ «ማስክና ሴፍቲ ጫማ ራስህ ግዛ» ብሎ ነገር የለም።

ሰርቬየሩንም የሚመለከት አለው። አንቀጽ 19 ሠራተኛው ከአሠሪው ጋር እንዲተባበር፣ ለሕይወት ወይም ለጤና ድንገተኛና ከባድ አደጋ አለው ብሎ በበቂ ምክንያት ያመነበትን ሁኔታ ወዲያው ለቅርብ አለቃው እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ አሠሪው ችግሩን ሳያስተካክል «ተመለስና ጨርስ» ማለት አይችልም። በአንቀጽ 13 ደግሞ ከእንዲህ ያለ ቦታ የወጣ ሰው አላግባብ እንዳይጎዳ ጥበቃ አለው።

ባለንብረቱ ወይም ቤቱን የያዘው ሰው የሚያውቀውን የመናገር ድርሻ አለበት፦ የተበላሸ ደረጃ፣ የተቆለፈ ክፍል፣ ክፍት ጉድጓድ፣ ውሻ። ባንኩ ቤቱ ላይ ሥልጣን የለውም፤ ግን የጊዜ ገደቡንና ምን ምን ይታይ የሚለውን የሚያወጣው እሱ ስለሆነ ንጹሕ ነኝ ሊል አይችልም። በቀን ስንት ቤት ይታይ የሚለውን ቁጥር ብዙ ሰው የገበያ ጉዳይ ያደርገዋል። ለእኔ የደህንነት ውሳኔ ነው፤ የተጣደፈ ሰው መሰላል አያስርም።

በኮንትራት የሚሠሩ ሰርቬየሮች ካሏችሁ «እሱ የራሱ አለቃ ነው» ብላችሁ አትተዉት። ስለ ቤቱ የምታውቁትን ለቋሚ ሠራተኛ በምትሰጡት ልክ በጽሑፍ ስጡት።

ወራጅና ማገር፦

ሕጉን ከላይ ወንድማችን ጨርሶታል፤ እኔ ወደ መሰላሉ ልሂድ።

ሰርቬየርን ከሌላው የግንባታ ሰው የሚለየው ዓይኑ ሥራ ላይ መሆኑ ነው። ስንጥቅ እያየ ይራመዳል፤ የፊት ገጹን ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ይሄዳል፤ በሌዘር ሜትር እየለካ ወደ ጎን ይንቀሳቀሳል። ሃንድሬል ያልተገጠመለት ወለል ላይ ይሄ መጥፎ ነው። መመሪያህ ላይ በትልቁ ጻፈው፦ እያዩ መራመድ የለም፣ እየተራመዱም ማየት የለም። ቁም፣ እይ፣ መዝግብ፣ ከዚያ ተንቀሳቀስ። መከለያ ከሌለው ጠርዝ 2 ሜትር ራቅ። ወለል ላይ የተጣለ ኮምፖንሳቶ ካየህ አትርገጠው፣ አታንሳውም፤ ሥሩ የሊፍት ወይም የቧንቧ ቀዳዳ ሊሆን ይችላል። ጣውላውን ፊት ለፊቱ አንስቶ አንድ እርምጃ ወደፊት የሚራመድ ሰው ቀዳዳውን የሚያየው ከገባበት በኋላ ነው፤ የያዘው ጣውላ ራሱ ከልሎታል።

መሰላል። አናቱ የተደገፈበት ቦታ 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይርቃል፤ 75 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። እግሩ ከዚያ ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ ከራቀ ከሥር ይንሸራተታል። ከመሰላሉ ወደ ሌላ ቦታ የምትሻገር ከሆነ አናቱ ከመሻገሪያው ቢያንስ 1 ሜትር ይብለጥ፤ አለዚያ ስትወርድ የምትይዘው የለም። የላይኞቹን ሦስት መርገጫዎች አትርገጥ። የፕላስቲክ አሸንዳ ላይ አታስደግፍ። የቀበቶህ ዘለበት ከሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከወጣ በጣም ተንጠራርተሃል፤ ውረድና መሰላሉን አዛውር። ካሜራው በአንገት ወይም በቦርሳ እንጂ በእጅ አይወጣም።

ሰርቬየሮች የሚወዱት መኪና ውስጥ የሚገባውን፣ ተስቦ የሚረዝመውን መሰላል ነው። ጥሩ ነው፤ ግን የሚከዳበት መንገድ ልዩ ነው። እያንዳንዱ መርገጫ በግራና በቀኝ የሚቆለፍ ፒን አለው። ቱቦው ውስጥ አሸዋ ወይም የሲሚንቶ አቧራ ከገባ ፒኑ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ከላይ ሲታይ የተቆለፈ ይመስላል፣ ክብደት ሲያርፍበት ግን አንድ እርከን ዝርግፍ ይላል። ስለዚህ ከመውጣትህ በፊት የሁለቱንም ጎን ምልክት በዓይን እይ፤ «ቀጭ» የሚለውን ድምፅ ብቻ አትመን። ስትዘጋው ደግሞ ቋሚዎቹን ከውጭ ያዝ፤ ጣት መርገጫዎቹ መካከል ከገባ ይቀጠቅጠዋል። ማታ ቱቦዎቹን በደረቅ ጨርቅ መጥረግ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ኮርኒስ። መግቢያውን ከፍ ከማድረግህ በፊት ማስክና መነጽር አድርግ፤ ክዳኑ ላይ የተከማቸው አቧራና የርግብ ኩስ ቀጥታ ፊትህ ላይ ነው የሚወርደው። ንብ ወይም ተርብ እንዳለ ከሥር አዳምጥ። ከዚያ ጭንቅላትና ትከሻህን ብቻ አስገብተህ በባትሪ ዙሪያውን እይ። ለብዙ ምርመራ ይሄ ይበቃል። ውስጥ መግባት ግድ ከሆነ የምትረግጠው ወራጁን (ኮርኒሱን የተሸከመውን እንጨት) ነው፤ የኮርኒሱ ሰሌዳ ሰው አይችልም። ወራጁ በሙቀት መከላከያ ከተሸፈነና የት እንዳለ ካላየኸው ደግሞ መግባቱ ይቅር።

ጣሪያ። የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቆርቆሮና ብርሃን የሚያስገባው ፕላስቲክ ላይ በፍጹም አይወጣም። «ምስማሩ በተመታበት መስመር ከሄዱ ይችላል» የሚለው የቆየ ወሬ ነው፤ መስመሩ ጠባብ ነው፣ እግር ትንሽ ከሳተ ያው ነው፣ ያረጀ ሰሌዳ ደግሞ መስመሩም ላይ ይሰነጠቃል። ፕላስቲኩ ከጣሪያው ጋር አብሮ ቀለም ተቀብቶ ከሆነ ከላይ ለይተህ አታውቀውም።

ንጹሕ አየር፦

የማይታየውን ልጨምር፤ ምክንያቱም ሰዎች ከፍታ ያስፈራቸዋል፣ አቧራና ሽታ አልባ ጋዝ ግን አያስፈራቸውም።

አስቤስቶስ፦ ብናኙ ሲተነፈስ ሳንባን የሚጎዳ ቃጫማ ማዕድን ነው። የቆርቆሮ ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚፈልገው ብዙ ሰው አለ። የቦይለርና የቧንቧ መጠቅለያ፣ የኮርኒስ ሰሌዳ፣ የእሳት መከላከያ በርና ግድግዳ፣ ነጠብጣብ ያለው የግድግዳ ቅብ፣ የቆየ የፕላስቲክ ወለልና ማጣበቂያው ሁሉ ሊኖረው ይችላል። ዓይን አይለየውም፤ የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ሰርቬየሩ ማድረግ ያለበት «ሊሆን ይችላል» ብሎ መያዝ፣ አለመብሳት፣ አለመሰባበር፣ ባለንብረቱን የናሙና ውጤት አለ ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። የተሰባበረ ካገኘ ይወጣል፤ አይጠርግም፣ በተራ ቫኪዩም አይስብም። ልብሱ ላይ ካረፈ አያራግፈውም፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ ልብሱን አውልቆ ከረጢት ውስጥ ያስገባል እንጂ ለብሶት ቤቱ አይገባም። ሕመሙ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ስለሚመጣ ዛሬ ምንም አልሆንኩም የሚለው መልስ አይሆንም።

ማስክ፦ ለእንዲህ ያለ አቧራ የቀዶ ጥገና ማስክ ዋጋ የለውም። የሚያስፈልገው ኤፍኤፍፒ3 (ጥቃቅን ብናኝ የሚያጣራ ማስክ) ወይም ፒ3 ማጣሪያ ያለው ግማሽ ፊት ማስክ ነው፤ ፊቱ ላይ መግጠሙ በፈተና ከተረጋገጠና ጢም ከሌለ ብቻ። የሁለት ቀን ጢም እንኳ ዙሪያውን ያስተነፍሰዋል። ለርግብና ለሌሊት ወፍ ኩስም ይኸው ማስክ ነው።

ቤዝመንት፣ ሴፕቲክ ታንክ፣ የመሬት ውስጥ ውሃ ማጠራቀሚያ፦ ሰርቬየር ታንክ ውስጥ አይገባም። ነጥቡ አለቀ። ክዳኑ ተከፍቶ ከላይ በዘንግ ካሜራ ይታያል። ከፍ ያለ ጥንቃቄ የሚጠይቁ ቤዝመንቶችን ጋዝ መለኪያ ይዞ ማየት ይቻላል፤ ቁጥሮቹን ግን ሰው ይወቃቸው። ጤናማ አየር 20.9 በመቶ ኦክሲጅን አለው፤ 19.5 በታች ከሆነ ይወጣል። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ 10 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 10 ክፍል)፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 35 ፒፒኤም፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ከዝቅተኛው የመፈንዳት መጠኑ 10 በመቶ ላይ ማስጠንቀቂያው እንዲጮህ ማድረግ የተለመደ ነው። ሃይድሮጅን ሰልፋይድ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል፤ 100 ፒፒኤም አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫ ይደነዝዛል። «ሽታው ጠፍቷል» ማለት አየሩ ጸድቷል ማለት ላይሆን ይችላል። ሚቴን ወደ ላይ፣ ሰልፋይዱ ወደ ታች ስለሚሄዱ ከላይ፣ ከመካከልና ከሥር ለየብቻ ይለካ። የዛገ የብረት ታንክ ደግሞ ምንም መርዝ ሳይኖርበት ኦክሲጅኑን ዝገቱ ይበላዋል። ጓደኛ ወድቆ ካየህ ተከትለህ አትግባ።

ባዶ ቤት ውስጥ የውሃ ግፊት ስትሞክርም ተጠንቀቅ። ሌጂዮኔላ ባክቴሪያ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው የቆመ ውሃ ይራባል፤ የሚይዘው ሲጠጣ ሳይሆን ጉሙ ሲተነፈስ ነው። ሻወሩን ቦግ አድርገህ አትክፈት፤ ቧንቧውን በቀስታ ክፈትና ራቅ በል፣ መስኮት ይከፈት።

ኤሌክትሪክ፦ ባዶ ቤት ጠፍቷል ተብሎ አይታሰብ። የእርጥበት መለኪያውን መርፌ ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ በላይ፣ በታች ወይም በጎን አትውጋ፤ ገመድ የሚያልፈው በዚያ መስመር ነው። የማይነካ የኮረንቲ መፈተሻ ካለህ መጀመሪያ ኮረንቲ እንዳለው በምታውቀው ላይ፣ ከዚያ በምትፈልገው ላይ፣ ከዚያ እንደገና በምታውቀው ላይ ሞክር። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሰሌዳውን ክዳን መክፈት የኤሌክትሪሻኑ ሥራ ነው። ውሃ የገባበት ቤዝመንት ከውጭ ኃይሉ ሳይቋረጥ እግር አይነከርም። ጋዝ ከሸተተህ ማብሪያውን አታብራ፣ የበራውንም አታጥፋ፤ ዝም ብለህ ውጣ።

ባለ ቁልፉ፦

ሁሉም ትክክል ነው። ብቻውን የሚሄደውን ሰው ግን ማን ይፈልገዋል?

«ሲጨርስ ይደውል» በቂ አይደለም፤ ባይደውልስ? ወረቀቱ ላይ አድራሻ፣ የገባበት ሰዓት፣ የሚወጣበት ሰዓት፣ የባለንብረቱ ስልክ፣ የመኪናው ታርጋ ይጻፍና የስም ባለቤት ይኑረው። «ቢሮው ይከታተላል» ከተባለ ማንም አይከታተልም፤ አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፣ እሱ ምሳ ሲወጣም ለማን እንደሚያስረክብ ይታወቅ። ለምሳሌ መውጫ ሰዓቱ ካለፈ 15 ደቂቃ ላይ ይደወላል፣ ካልመለሰ ባለንብረቱ ይጠየቃል፣ 30 ደቂቃ ላይ ሰው ይላካል ወይም ፖሊስ ይጠራል። ቤዝመንት ውስጥ ኔትወርክ ስለማይኖር ከመግባቱ በፊት «20 ደቂቃ አልገኝም» ብሎ ይናገር። በወር አንድ ቀን ሳይነገር ዝም ብሎ ይሞከር፤ ማን እንደሚተኛ ያን ቀን ይታያል።

ቁልፍ በኪስ እንጂ በር ላይ አይተውም። ጣሪያ ላይ የሚያወጣው በር ብዙ ጊዜ ከኋላህ ራሱን ይቆልፋል፤ ሽብልቅ አድርግበት። ሰው ያለበት ቤት ከሆነ ባለቤቱ ፊት ፊት ይሂድ፣ አንተ ወደ በሩ ቅርብ ሁን። ውሻ ከመግባትህ በፊት ይታሰር፤ «አይነክስም» የሚለው አይቆጠርም። ባዶ የተባለ ቤትም ይንኳኳል።

ልኬት፦

እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ባንኩ የጣሪያው ፎቶ ካልተያያዘ ፎርሙን አይቀበልም። ሰርቬየሮቹ የሚወጡት ለዚያ ነው። ሁለት ሰው ልላክ ወይስ?

ወራጅና ማገር፦

ሁለት ሰው መላክ የተሰባሪ ጣሪያን ጥያቄ አይመልስም፤ ሁለት ሰው ይወድቃል ማለት ነው። መሰላል ለመያዝና ለተጠራጠርከው ሰፈር ግን ጥሩ ነው።

ፎቶው ከመሬት በዙም፣ ከአጠገቡ ካለ ሕንፃ መስኮት በፈቃድ፣ ከ5 እስከ 8 ሜትር በሚረዝም ዘንግ ካሜራ ወይም የሚፈቀድበት ቦታ ከሆነ በድሮን ይነሳል። ዘንግ ስትዘረጋ ከላይ የኤሌክትሪክ መስመር እንደሌለ ቀድመህ እይ፤ ዘንጉ እርጥብ ወይም ብረት ከሆነ ገመዱን ሳይነካም ኮረንቲ ሊዘልበት ይችላል።

የሴፍቲ ሰው፦

እኔ ደግሞ ፎርሙ ላይ ልከራከር። ሰርቬየርን ጣሪያ ላይ የሚያወጣው ባዶ የቀረ ሣጥን ነው። ፎርማችሁ «ጥሩ / መካከለኛ / መጥፎ» ብቻ ካለው አራተኛ ጨምሩ፦ «አልታየም»። አጠገቡ ምክንያቱና ለማየት የሚያስፈልገው ነገር ይጻፋል። እንዲህ፦

«የኋለኛው ክፍል የጣሪያ ላይኛ ገጽ አልታየም። ምክንያት፦ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ የሚመስል ያረጀ ሰሌዳ ስለሆነ መርገጥ አይቻልም። ከመሬት በዙም ካሜራ በደቡብና በምሥራቅ በኩል ታይቷል፤ ሁለት የተሰነጠቁ ሰሌዳዎች በፎቶ 14 እና 15 ይታያሉ። ሙሉ ለሙሉ ለማየት የሰው ማንሻ መኪና ወይም ስካፎልዲንግ ያስፈልጋል።»

ይሄ ለባንኩም ከደበዘዘ ፎቶ የተሻለ መረጃ ነው። ዋናው ግን ከባንኩ ጋር የምትፈርሙት ውል ላይ ቀድሞ መግባቱ ነው፦ ምን ይታያል፣ ከየት ሆኖ ይታያል፣ ከ3 ሜትር በላይ መሰላል የሚጠይቀው እንዴት ይታያል፣ ተጨማሪ መሣሪያ ሲያስፈልግ ማን ይከፍላል። ቤቱ በር ላይ ቆሞ የሚደረግ ድርድር ሁሌም ሰርቬየሩን ነው የሚያሸንፈው።

ልኬት፦

ሣጥኑን ጨምሬያለሁ። ሄልሜቶቹስ? አብዛኞቹ መኪና ውስጥ ኋለኛው መስታወት ሥር ነው የሚቀመጡት።

የሴፍቲ ሰው፦

ከዚያ አውጧቸው፤ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያደርቀዋል። ከክዳኑ ውስጥ የተሠራበት ዓመትና ወር የታተመ ክብ ምልክት አለ፤ አምራቹ ከሰጠው ዕድሜ ጋር አስተያዩት። ቀለሙ የነጣ፣ ቀጫጭን ስንጥቅ ያለበት ወይም አንዴ የተመታ ከሆነ ምንም ባይመስልም ይጣላል። ኮርኒስ ውስጥ ለሚገባ ሰው የአገጭ ማሰሪያ ያለው ይሁን፤ አለዚያ ጎንበስ ሲል መጀመሪያ የሚወድቀው ሄልሜቱ ነው።